መቃብሩ ያልታወቀ ወታደር ልጃችንን ለማሰብ የተደረገ ንግግር

(ይህ ንግግር ባለፈው እሑድ በእድራችን ድንኳን ውስጥ በጸሐፊው የተነገረ ነው። በእለቱ ያልተገኙ አባሎች እንዲያነቡት በኮሚቴው ውሳኔ በሰሌዳችን ላይ ተለጥፏል።)

የተከበራችሁ የእድራችን አባሎች፤ እናቶችና አባቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፤ እንዲሁም ከአትክልት ተራ ከተነሳችሁ በኋላ ከከተማው ዳር ድረስ የታክሲ ከፍላችሁ የመጣችሁ የቀድሞ ጎረቤቶቻችን፤

ለቅሶ ቤት ላይ «እንኳን ደህና መጣችሁ» አይባልምና እግዜር ይስጥልን ብቻ እላለሁ።

ዛሬ ጠዋት ይኸን ድንኳን ስንተክል መንገደኛው ሁሉ «ማን ሞተ?» እያለ ሲጠይቅ ነበር። አንድ የታክሲ ረዳት እኔኑ ጠየቀኝ። «የሠፈራችን ልጅ ነው፤ ወታደር ነበረ» አልኩት። «መቼ ነው የሞተው?» አለኝ። «በ1980 ዓ.ም. ሳይሆን አይቀርም» ብለው የቀለድኩበት መሰለው። ቀጥሎ «ቀብሩ የት ነው?» ሲለኝ ግን ዝም አልኩ። ለዚህ ጥያቄ እናቱም መልስ የላቸውም። እኛ ዛሬ እዚህ የተቀመጥነው ስለዚህ ነው።

የልጁን ስም እናቱ ራሳቸው ቅድም በእናንተ ፊት ጮክ ብለው ጠርተውታልና እኔ አልደግመውም። ከዚህ በኋላ በሰሌዳችን ላይ በሚለጠፈው ዝርዝር በተራ ቁጥር አንድ ታገኙታላችሁ።

ይኸን ልጅ እኔ አውቀዋለሁ። እሱ ሲሄድ እኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። እናቱ እዚሁ ገበያው ውስጥ ሽንኩርትና ቃሪያ ይቸረችሩ ነበር። እሱ ደግሞ ሌሊት የጭነት መኪና ሲገባ ያራግፋል፤ ጠዋት ጠዋት እናቱን ያግዛል። እኛ ትንንሾቹ ከመኪናው የሚወድቅ መንደሪን ለመልቀም ስንጋፋ ዘበኛው በዱላ ያባርረናል። እሱ ግን ዘበኛው ዞር ሲል በእግሩ ገፋ ያደርግልን ነበር። ትልቅ ነገር አድርጎልኛል አልልም። ነገር ግን መንደሪን በላጥኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ የወጣው በ1975 ዓ.ም. ነው። ከ18 እስከ 30 ዓመት የሆናቸው ወጣቶች በየቀበሌው እየተመዘገቡ ይሄዱ ነበር። ስድስት ወር ሥልጠና፣ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት አገልግሎት ነው የተባለው። ልጃችን በ1979 ዓ.ም. ሲሄድ እናቱን «ሁለት ዓመት ተኩል ምን አላት፤ ቁጠሪልኝ» ብሏቸው ነበር። እሳቸውም ቆጠሩ።

ደብዳቤ ሦስት ጊዜ መጣ። የመጨረሻው የተጻፈው በጥር 1980 ዓ.ም. ነው። ከረን ከተማ የተነሳውን ፎቶግራፍ አብሮ ልኳል። እዚያ ሻማው አጠገብ የምታዩት ፎቶግራፍ ያ ነው። ከሁለት ወር በኋላ፣ በመጋቢት 1980 ዓ.ም.፣ ናደው ዕዝ ይባል የነበረው ጦር አፋቤት ላይ ተመታ። እዚህ ሠፈር ወሬው የተሰማው በሹክሹክታ ነው። ከዚያ ወዲያ ደብዳቤም፣ ሰውም፣ መርዶም አልመጣም።

መርዶ የሚባለውን ነገር እናንተ ታውቁታላችሁ። ሽማግሌዎች ሌሊት ይሰበሰባሉ፣ ገና ሳይነጋ በር ይንኳኳል፣ ቤተሰቡ ይጮኻል፣ ጎረቤት ይደርሳል። ክፉ ነገር ነው። ነገር ግን መርዶ የተነገረው ሰው አልቅሶ፣ ሰልስት ወጥቶ፣ ተዝካር አውጥቶ፣ በሙት ዓመቱ ደግሞ ጥቂት ቀለል ይለዋል። መርዶ ያልደረሰው ሰው ይኸን ሁሉ አያገኝም። እኒህ እናታችን ለብዙ ዘመን በራቸው በተንኳኳ ቁጥር ሁለት ነገር እየጠበቁ ነው የኖሩት፤ ወይ ልጃቸው ነው፣ ወይ መርዶ ነው።

በግንቦት 1983 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት ሲወድቅ ጦሩ ተበተነ። ወታደሩ በእግሩ ከሰሜን እየመጣ ከተማው ሞላ። እናታችን የሽንኩርት መደባቸውን ለጎረቤት እየተዉ፣ ሙዝና ዳቦ ይዘው መንገድ ዳር ይቆሙ ነበር። ለሚያልፈው ወታደር ዳቦውን ይሰጣሉ፣ ፎቶግራፉን ያሳያሉ። «እማማ፣ አላውቀውም» ይላቸዋል፤ ቀጣዩን ይጠብቃሉ። ስንት ቀን እንደዚያ እንደቆሙ እኔ አልቆጠርኩም። እናቴ ግን ክረምቱ እስኪገባ ነው ትላለች።

አፋቤት ከ1985 ዓ.ም. ጀምሮ በሌላ አገር ውስጥ ነው። እንኳን መቃብር ፍለጋ፣ መሬቱን አይቶ ለመመለስም ለእሳቸው የሚሆን መንገድ አልነበረም። የላከው መንግሥት የለም፤ የነበረበት ጦር የለም። ማንን ሄደው ይጠይቁ?

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት እመጣለሁ። ይኸን ሳልናገር ብቀመጥ ንግግሬ ሁሉ ውሸት ይሆንብኛል።

ከሁለት ዓመት በፊት እኒህ እናታችን በሰው አስጽፈው ለኮሚቴው ማመልከቻ አቀረቡ። ማመልከቻው አጭር ነበር። «እኔ አርጅቻለሁ። እኔ ስሞት እድሩ ለእኔ ድንኳን ይጥላል። ለልጄ ግን ማን ይጥልለታል? በሕይወት እያለሁ ይጣልልኝና ላልቅስለት» የሚል ነው። እኛም በደንባችን መሠረት ተወያየን። ደንባችን የሞት አገልግሎት የሚሰጠው የቀብር ማስረጃ ሲቀርብ ነው ይላል። ሬሳ የለም፣ ቀብር የለም፣ ማስረጃ የለም። ስለዚህ ጥያቄው ተቀባይነት እንዳላገኘ የሚገልጽ ደብዳቤ ቁጥርና ማህተም አድርጌ እኔው ጻፍኩ። እኔው ወስጄ ሰጠኋቸው። ማንበብ ስለማይችሉም እኔው አነበብኩላቸው። «እሺ ልጄ፣ እግዜር ይስጥህ» ብለው ቡና አፈሉልኝ። ጠጥቼ ወጣሁ።

ዘንድሮ የእድሩን ንብረትና ወረቀት ወደ ሌላ ክፍል ስናዛውር የቆዩት መዝገቦች እጄ ገቡ። ገልበጥ ገልበጥ ሳደርግ የእኒህን እናት ገጽ አገኘሁ። በመጀመሪያው መዝገብ በቤተሰብ ዝርዝር ውስጥ የልጁ ስም አለ። መዝገቡ ሲያረጅ በሁለተኛው ተገልብጧል። በሦስተኛውም አለ። ከእኔ በፊት የነበሩት ጸሐፊዎች፣ ነፍሳቸውን ይማር፣ ልጁ ከሄደ ከዓመታት በኋላ እንኳን ስሙን አልሰረዙትም። የሞተ ይሰረዛል፤ እሱ ግን መሞቱ አልተነገረም። ስለዚህ ገለበጡት።

አራተኛውን መዝገብ የገለበጥኩት እኔ ነኝ። ስሙ የለም። ሆን ብዬ አይደለም፤ ዕድሜው ስላለፈ «የለም» ብዬ ዘልዬዋለሁ። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው፤ ስለ ታሪክ ብዙ አላውቅም። ያን ገጽ ሳይ ግን አንድ ነገር ገባኝ። ይኸ ልጅ በዚህች ዓለም ላይ ስሙ ተጽፎ የኖረው፣ ከእናቱ ቤት ሌላ፣ በእኛ መዝገብ ላይ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ያንን ደግሞ የጣልኩት እኔ ነኝ። እናታችንን በግል ይቅርታ ጠይቄያለሁ፤ ዛሬ በእናንተም ፊት እጠይቃለሁ።

ወገኖቼ፤ «መቃብር የሌለውን ሰው እንዴት እናስበው?» የሚል ጥያቄ በኮሚቴያችን ተነስቶ ነበር። መልሱ ከደጃችን ነው። ከዚህ ድንኳን ወጥታችሁ ጥቂት ብትራመዱ የአቡነ ጴጥሮስን ሐውልት ታገኛላችሁ። በሐምሌ 1928 ዓ.ም. የሸዋ አርበኞች በፋሺስት ጣልያን የተያዘችውን አዲስ አበባን ለማስለቀቅ ሲያጠቁ አቡነ ጴጥሮስ አብረዋቸው ነበሩ። ጥቃቱ አልተሳካም፤ እሳቸውም ተያዙ። አርበኞችን አውግዙ ቢባሉ እምቢ አሉ። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ሕዝብ እያየ በጥይት ተደብድበው ሞቱ። አስከሬናቸው የት እንደተቀበረ እስከ ዛሬ አይታወቅም።

እንግዲህ ልብ በሉ። ወታደር አልነበሩም፤ ጳጳስ ናቸው። መቃብር ግን እንደ ልጃችን የላቸውም። ታዲያ በዚህ ከተማ ውስጥ «አቡነ ጴጥሮስ» ቢባል የት እንደሆነ የማያውቅ አለ? በ2005 ዓ.ም. ለባቡሩ ሥራ ሲባል ሐውልቱ ተነስቶ ወደ ብሔራዊ ሙዚየም ተወስዶ ነበር። እስከ 2008 ዓ.ም. ድረስ አልተመለሰም። ሐውልቱ በሌለበት በዚያን ጊዜ እንኳን ረዳቶቹ «ጴጥሮስ ወራጅ አለ?» ሲሉ ሰው ይወርድ ነበር። ቦታውን ያቆየው ድንጋዩ ብቻ አይደለም ማለት ነው፤ ሰው ስሙን መጥራቱን ስላልተወ ነው።

በሌላም አገር ይኸው ችግር ነበረ። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ማንነቱ ሳይታወቅ የቀረ ወታደር እጅግ ብዙ ነው። እንግሊዞችና ፈረንሳዮች በኅዳር 1913 ዓ.ም.፣ በእነሱ አቆጣጠር በ1920፣ ስሙ ያልታወቀ አንድ አንድ ወታደር አምጥተው በለንደንና በፓሪስ በታላቅ ክብር አሳረፉ። ልጇ ያልተገኘላት እናት ሁሉ «ምናልባት የኔ ይሆናል» እያለች አበባ ታስቀምጥ ነበር።

በእኛም አገር ቢሆን ከሩቅ የመጣ አጽም አለ። ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ኮሪያ ከዘመተው የቃኘው ጦር ከ120 በላይ ወታደሮች ወድቀዋል። በጠላት እጅ የተማረከ አልነበረም። የሞቱትም አጽማቸው ያን ሁሉ ባሕር ተሻግሮ ወደ አገሩ ተመልሷል። እኔ ይኸን ስሰማ ደስም አለኝ፣ ሆዴንም ባር ባር አለኝ። ከኮሪያ የወደቀው ሲመጣ፣ በአውቶቡስ ከሚደረስበት አገር የወደቀው ግን ሳይመጣ ቀረ። በ1969 ዓ.ም. ታጠቅ ጦር ሠፈር ሠልጥኖ ወደ ምሥራቅ ከዘመተው ሚሊሺያ፣ ናቅፋ ተራራ ላይ ከቀረው፣ በ1982 ዓ.ም. ምጽዋ ላይ ከወደቀው፣ ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. በባድመ ጦርነት ከሞተው፣ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በሰሜኑ ጦርነት ካለቀው ወጣት መካከል እናቱ መቃብሩን የማታውቅ ስንት አለ? በዚህ ድንኳን ውስጥ አሁን እንኳን አንገታችሁን የደፋችሁ እንዳላችሁ አያለሁ።

አንድ አባላችን «ያ ጦርነት ትክክል ነበር ወይ?» ብለው ጠይቀውኛል። ይኸን የሚመልሱ የተማሩ ሰዎች አሉ። እድር ሰውን ሲቀብር በሕይወቱ የሠራውን መርምሮ አይደለም። ሰካራሙንም፣ ጸሎተኛውንም እኩል ተሸክመናል። ከሠፈራችን ወደ ሌላው ወገን የሄደ ልጅም ካለ፣ እናቱ ያው እናት ናት፤ ማመልከቻዋን እንቀበላለን።

ሒሳብ ሹማችን ደግሞ ያነሱት ነገር ቀላል አይደለም። «የአርባ ዓመቱን ሁሉ ክፍያ ከፍታችሁ ሣጥኑ ባዶ ቢሆን ነገ የሚሞተውን በምን እንቀብራለን?» ብለዋል። እውነታቸውን ነው። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ገበያው ወደ ጃንሜዳ ከሄደ ወዲህ ገቢያችን ቀንሷል። በ2016 ዓ.ም. ብዙ የፒያሳ ቤቶች በኮሪደር ልማቱ ሲነሱ ደግሞ አባላት ተበትነዋል። ስለዚህ ኮሚቴው ገንዘብና ክብርን ለይቶ አይቷል። ድንኳን፣ ወንበር፣ ብረት ድስትና የሰው ጉልበት አለን፤ እነዚህ ብዙ ወጪ የላቸውም። ዛሬም ንፍሮውን የቀቀሉት፣ ቡናውን ያፈሉት የሠፈሩ ሴቶች ናቸው። የገንዘቡን ጉዳይ ጠቅላላ ጉባኤው በድምፅ ይወስን። እናታችን ግን ገና ከመጀመሪያው የጠየቁት ድንኳኑን ነው።

ስለሆነም ለሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ የሚከተሉት ሦስት ነገሮች ይቀርባሉ።

አንደኛ፤ «የቀብር ማስረጃ» የሚለው የደንባችን አንቀጽ እንዲሻሻል ነው። ከቤቱ ወጥቶ በጦር ሜዳ የቀረና ሬሳው ያልተገኘ የአባል ቤተሰብ ሲሆን፣ ሦስት የሠፈር ሽማግሌዎች ከመሰከሩ አገልግሎቱ ይሰጥ። ነገር ግን ጥያቄውን የሚያቀርበው ቤተሰቡ ራሱ ብቻ ይሁን። ተስፋ ያልቆረጠች እናት ብትኖር፣ እድር ሄዶ ልጅሽ ሞቷል የማለት ሥልጣን የለውም። የሷ ልጅ ስም በመዝገቡ ላይ ሳይሰረዝ ይቆያል፤ ጸሐፊ በተለወጠ ቁጥርም ይገለበጣል።

ሁለተኛ፤ የተለየ መዝገብ ይከፈት። ቤታችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ያላችሁ ሁሉ እየመጣችሁ አስመዝግቡ። ሙሉ ስሙ እስከ አያት፣ ክርስቲያን ከሆነ የክርስትና ስሙ፣ የተወለደበት ዘመን፣ የሄደበት ዓመት፣ የነበረበት ጦር፣ የመጨረሻ ደብዳቤው ከየት እንደተጻፈ፣ መጨረሻ ያየው ሰው ማን እንደሆነ ይጻፋል። የክርስትና ስሙን አደራ አትርሱ፤ በቤተ ክርስቲያን የሚታሰበው በዚያ ነውና፣ ብዙ ጊዜ የምታውቀው እናት ብቻ ናት፤ እሷ ካለፈች ይጠፋል። ደብዳቤና ፎቶግራፍ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ ፎቶ ኮፒ አንስተን ዋናውን እንመልሳለን። የእናታችን ልጅ ደብዳቤ በእርሳስ ስለተጻፈ ግማሹ ጠፍቷል።

ሦስተኛ፤ በዓመት አንድ ቀን እነዚህን ሰዎች እናስብ። ኮሚቴው ያሰበው ሐምሌ 22 ቀንን ነው። ክርስቲያኑ በሃይማኖቱ ያስባል። በሙስሊም ወገኖቻችን ዘንድም አስከሬኑ በሌለበት ለሞተ ሰው የሚሰገድ ሶላት እንዳለ ሽማግሌዎቻችን ነግረውናል፤ እነሱም እንደ ሥርዓታቸው ያደርጋሉ። ከዚያ ሁላችንም እዚህ ተሰብስበን ስማቸው አንድ በአንድ ይነበባል። ሌላ ንግግር አያስፈልግም፤ የኔም ዓይነት ንግግር አያስፈልግም።

ለመጨረስ ያህል፤ እናታችን ገበያው ሲነሳም፣ ጎረቤት ሲነሳም ከዚህ ሠፈር ንቅንቅ አልል ያሉት «ቢመጣ የት ያገኘኛል?» ብለው እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። አንዳንዶቻችን በሆዳችን ሞኝነት ነው ብለን ይሆናል። ትናንት ማታ ድንኳኑን ለማዘጋጀት ቤታቸው ስንሄድ የልጁን ኮት ከሣጥን አውጥተው አጣጥፈው ሰጡን። ቅድም ያለቀስንበት ኮት ያ ነው። «እንግዲህ ካሁን በኋላ እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ብቻዬን አይደለሁም» አሉ።

እማማ፤ የእድሩን አዲሱን መዝገብ ይኸው ይዤ መጥቻለሁ። በገጽዎ ላይ በቤተሰብ ዝርዝር ውስጥ የልጅዎን ስም ትናንት ማታ በእጄ ጽፌዋለሁ። ከጎኑ «ወታደር፤ በ1979 ዓ.ም. የሄደ፤ መቃብሩ ያልታወቀ፤ በዚህ ሠፈር የተለቀሰለት» ይላል። ቅድም ፎቶግራፉ አጠገብ ለሁሉም አነበብኩት፤ አሁን ደግሞ ለእርስዎ ብቻ አነብልዎታለሁ።

ነፍሱን ይማርልን። ለእናታችንና ለሁላችንም መጽናናትን ይስጠን።

የእድሩ ጸሐፊ

ማሳሰቢያ፤ ስም ለማስመዝገብ የምትፈልጉ አባሎች ዘወትር እሑድ ጠዋት ወርሃዊ መዋጮ በሚሰበሰብበት ቦታ ጸሐፊውን ማነጋገር ትችላላችሁ። መምጣት የማይችሉ አዛውንቶችን ቤታቸው ድረስ እየሄድን እንመዘግባለን።